ድል በስጦታ ይሰጣልን?

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር ነው። የመነሻው ተኩስ ሲሰማ የሯጮቹ ሥራ ይጀምራል፤ የአሠልጣኙ ሥራ ግን በዚያችው ቅጽበት ያበቃል ማለት ይቻላል። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ከመስመሩ ዳር ሆኖ ይጮኻል፣ ተጫዋች ይቀይራል፣ በእረፍት ሰዓት የተበላሸውን ያቃናል። የጎዳና ሩጫ አሠልጣኝ ልጆቹ በፊቱ ሲያልፉ ለጥቂት ሰከንዶች አይቶ፣ አንዲት ቃል ወርውሮ፣ ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ተመልካች ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በውድድሩ ቀን አስፋልት ላይ የምናየው አብዛኛው ነገር በዋዜማው የተነገረ ነው። «አንተ እስከ 15ኛው ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ያዝ፤ አንተ ከኋላ ሆነህ ጠብቅ፤ እርሱ ይጨርስ» የሚለው ትእዛዝ የሚሰጠው በምሽት፣ በር ተዘግቶ ነው።

ይህ ጸሐፊ ሊመረምር የሚፈልገው ያችን የምሽት ትእዛዝ ነው። አንድ ሰው በእግሩ፣ በሳንባውና በዓመታት ድካሙ የሚያገኘውን ቦታ ለሌላ እንዲተው ማዘዝ ይገባልን? ሯጩ በፈቃዱ ቢተወውስ፣ የሚሰጠው ነገር በእርግጥ የራሱ ነውን?

ትርጉም ሙያዬ ስለሆነ ከቃሉ ልነሣ። «አሠልጣኝ» የሚለው ቃላችን ከ«ሥልጣን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ኬንያውያን በስዋሂሊ «ኮቻ» ብለው የወረሱት የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ መነሻው ኮች በምትባል የሀንጋሪ መንደር ይሠራ የነበረ ሠረገላ ነው። ሠረገላ ተሳፋሪውን ተሳፋሪው ወደሚሄድበት ያደርሳል፤ ባለሥልጣን ግን ሰውን ራሱ ወደፈለገው ይልካል። ከቃላት አመጣጥ ብዙ ማትረፍ እንደማይቻል አላጣሁትም። ነገር ግን በሶሎሎና በሞያሌ ሁለቱንም ቃላት በአንድ ቀን የምንሰማ ሰዎች ጥያቄው በሁለቱ መካከል መቀመጡን ልብ ሳንል አንቀርም።

ግማሽ ማራቶን በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ ሲካሄድ የቡድን ውጤትም አለው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ ከአንድ አገር ሯጮች ቀድመው የገቡት የሦስቱ ሰዓት ይደመራል። በዚህ አቆጣጠር የአሠልጣኙ ዓይን ከመጀመሪያው ሯጭ ይልቅ በሦስተኛው ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በፖላንዷ ግዲኒያ ከተማ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የሴቶቹን ውድድር ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈች። በዚያን ጊዜ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው አባብል የሻነህ ከኬንያዊቷ ጆይሲሊን ጄፕኮስጌይ ጋር ተጠላልፋ ወደቀች። ለራሷ ብቻ የምትሮጥ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ከእጇ ወጥቷልና አቧራዋን አራግፋ በዝግታ ብትጨርስ የሚወቅሳት አልነበረም። ተነሥታ ሮጠች፤ አምስተኛ ሆና በ1:05:41 ገባች። ያለምዘርፍ የኋላው በ1:05:19 ሦስተኛ፣ ዘይነባ ይመር በ1:05:39 አራተኛ ወጥተው ነበርና የሦስቱ ድምር 3:16:39 ሆኖ የቡድኑ ወርቅ ለኢትዮጵያ ሆነ። ከወደቀችበት አንሥቶ ያስሮጣት ምን እንደነበር እርሷ ታውቃለች። ሆኖም የወደቀ ሰው ሩጫ ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ባለው አቆጣጠር ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ዳግም ከብት ሰጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለው። ሰጪው የሚሰጠው ከራሱ በረት ነው፤ ነገር ግን በረቱ ከጎሣው ተለይቶ የእርሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ነገ እርሱም ቢደኸይ ይሰጠዋል። ይህን ለቡድን ሩጫ ምሳሌ ማድረግ የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ ከአንድ ነገር በስተቀር። ላም ከበረት ወጥታ በሌላ በረት ትታለባለች። የተተወ ድል ግን ከተወው ሰው እጅ ሲወጣ ድል መሆኑ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስሕን ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሲፈልጉ፣ ፍጥነታቸውንም ሲቀንሱለት ዓለም አይቷል። ኃይሌ እግሩ ታምሞ ነበር። ሊደርስባቸው አልቻለምና አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ነሐሱ የኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሆነ። ያን መጠበቅ የማያደንቅ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ወጣቶቹ ለታላቃቸው የሰጡት ድልን ሳይሆን ዕድልን ነው። ና፣ ከእኛ ጋር ሁን፣ ከዚያ በኋላ ሁላችንም እንሩጥ ማለት ነው። ኃይሌ ሳይመጣ ሲቀር መጠበቁን አቁመው ሮጡ።

ከዚህ ጋር የቤጂንጉን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2024 በቤጂንግ ግማሽ ማራቶን ሁለት ኬንያውያን፣ ሮበርት ኬተርና ዊሊ ምናንጋት፣ ከኢትዮጵያዊው ደጀኔ ኃይሉ ጋር ሆነው ከቻይናዊው ሄ ጂዬ ጎን ወደ መጨረሻው መስመር ተቃረቡ። ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ በእጃቸውም እለፍ አሉት። እርሱ በ1:03:44 አንደኛ፣ ሦስቱ አንድ ሰከንድ ዘግይተው እኩል ሁለተኛ ሆኑ። ድንበር የሚለያየን እኛ ብንሆን እንዲህ ያለ ስምምነት በሌላ ጉዳይ ባየን ደስ ይለን ነበር! ምናንጋት በመጀመሪያ ወዳጁ ስለሆነ እንዳሳለፈው፣ በኋላ ግን የቻይናን ክብረ ወሰን 1:02:33 እንዲያሻሽል ለማገዝ በአሯሯጭነት ተቀጥረው እንደነበር ተናገረ። አዘጋጆቹ ምርመራ አካሂደው፣ ሯጮቹ በአሯሯጭነት ከተጋበዙ በኋላ ይህ ሳይገለጽ መወዳደራቸውን አረጋገጡ፤ የአራቱንም ውጤት ሰርዘው ሜዳሊያውንና ሽልማቱን አስመለሱ።

ጥፋቱ ምን ላይ ነው? በማሯሯጡ አይደለም። አሯሯጭነት የታወቀ ሥራ ነው፤ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ ማራቶንን በ1:59:40 ሲሮጥ እየተፈራረቁ ያሯሯጡት 41 ሰዎች ነበሩ። ተመልካቹ ያውቅ ነበር፤ ሰዓቱም በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም፤ የተታለለ የለም። አሯሯጭ ደግሞ ማሸነፍም አልተከለከለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የበርሊን ማራቶንን ያሸነፈው ኬንያዊው ሳይመን ቢዎት ለማሯሯጥ የገባ ሰው ነበር። የቤጂንጉ ጥፋት ተመልካቹ ውድድር ነው ብሎ የቆመለት ነገር ሌላ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን አሸናፊው ነው። ብቻውን ሮጦ ሊያገኝ የሚችለው አራተኛ ደረጃ እንኳ የራሱ በሆነ ነበር፤ ወዳጆቹ አንደኛነትን ሰጥተውት አራተኛነቱንም አሳጡት።

እንግዲህ ወደ አሠልጣኙ እንመለስ። በእኔ አስተያየት ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ነፋሱን ከፊት ሆኖ መሰንጠቅ፣ ፍጥነት መያዝ፣ ወድቆ መነሣት፣ የጓደኛን ትንፋሽ እየሰሙ መሮጥ ሁሉ የቡድን ሥራ ነው፤ በጠዋት ለሕዝብ ቢነገር የሚያሳፍር አንዳች የለበትም። በጠዋት ሊነገር የማይችለውን ግን በምሽትም ማዘዝ አይገባም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በየካምፑ ይነገራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድር ሆድ የለውም። ሯጭ ግን የሚበላ ቤተሰብ አለው። ከገጠር መጥቶ ጫማውን፣ ማደሪያውንና የጉዞ ወረቀቱን ከአሠልጣኙ እጅ የሚጠብቅ የሃያ ዓመት ወጣት «ለእርሱ ልቀቅለት» ሲባል እሺ ቢል፣ ያን እሺታ ስጦታ ብዬ ልጠራው አልደፍርም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሰጠው ነገር የለም፤ የተወሰደበት እንጂ። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ሲል «ብቻ» የምትለዋን ቃል ማስገባቱ ለዚህ ይመስለኛል፤ ሁላችንም አንዳችን ለሌላችን መሣሪያ መሆናችን አይቀርምና። የአሠልጣኙ ፈተና ያችን «ብቻ» መጠበቅ ነው። በዋዜማው ምሽት እምቢ ያለው ልጅ በማግስቱም ጫማውን ያገኛልን? በሚቀጥለው ጉዞስ ስሙ ይጠራልን?

ስለ ግዲኒያ ስናወራ የምንዘነጋት አንዲት ሯጭ አለች። ነጻነት ጉደታ እ.ኤ.አ. በ2018 በቫሌንሲያ የዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። በግዲኒያ ከሦስቱ የአገሯ ልጆች በኋላ ገባችና ሰዓቷ በድምሩ ውስጥ አልተቆጠረም። እርሷም ያንኑ 21 ኪሎ ሜትር ነው የሮጠችው። ከሦስቱ አንዷ ወድቃ ባትነሣ ኖሮ ቡድኑን የምትይዘው እርሷ ነበረች፤ ከኋላ ሆና መሮጧ ለዚያ ነው። አሠልጣኝ ከውድድር በኋላ ሦስቱን ሲያቅፍ አራተኛዋን ምን ይላታል?