እናቴን ከማን ጋር ጻፏት?

ከዓመታት በፊት ጅጅጋ ውስጥ ለማታ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር የወንጀለኞችን ስም ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። ደብቆ የሚወስደው «ቲፍ»፣ ቤት ሰብሮ የሚገባው «በርግለር»፣ አስፈራርቶ የሚቀማው «ሮበር»። እኛስ መቼ አነሰን! ሞጭላፊ፣ ኪስ አውላቂ፣ ማጅራት መቺ እንላለን። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግም ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በ670 ለይቶ አስቀምጧል። የሶማሊኛውን ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቱግ!» አለና ተሳሳቅን።

መጨረሻ ላይ «ስመግለር» ብዬ ጻፍኩ፤ «ኮንትሮባንዲስት» ስል ተረጎምኩት። ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ እናቴ ከቶጎ ውጫሌ ሩዝና የዱቄት ወተት እያመጣች ነው ያሳደገችኝ። ከቱግ ጋር ነው የጻፏት?»

ኮንትሮባንድ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ከአዋጅ ውጪ እንደማለት ነው። (ለጆሮ ከ«ባንዳ» ጋር ይቀራረባል፤ ስድብ የሚመስለን ለዚህ ይሆን እንዴ?) ቱግ የሰው ንብረት ይወስዳል። ሴትዮዋ ግን በገንዘቧ ገዝታ ነው ያመጣችው፤ የጣሰችው አዋጅ ነው። እርግጥ ነው፣ ቀረጥ ከፍሎ ያንኑ ሩዝ የሚሸጠው ጎረቤቷ ይከስራል። እሱም ልጆች አሉት፤ ይህን አልክድም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሌባን በየሙያው የከፋፈልን ሰዎች፣ አንድ ማዳበሪያ ሩዝ ለተሸከመችውና በሌሊት የጭነት መኪና ለሚያስነዳው ባለሀብት አንድ ስም ብቻ ሰጠን።

ያን ማታ ይህን አልተናገርኩም። «ሕግ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ቃል አለፍኩ። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር።