ጥንቃቄና ፍርድ

ጥንቃቄ ከመልካም ጠባይ የሚቈጠር ነው። ዳሩ ግን ጥንቃቄ ያለ ነቀፋ የሚመሰገነው፥ በመዘግየት የሚመጣውን ጉዳት ተጠንቃቂው ራሱ ሲሸከመው ነው። ጉዳቱ በሌላ ላይ የሚወድቅ እንደ ሆነ፥ በፍርድ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

ለዚህም የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ምስክር ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለባት እናት በምጥዋ ጊዜ፥ ሕፃኑም በተወለደ በ3 ቀን ውስጥ፥ ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት አንድ አንድ ጊዜ ቢወስዱ፥ ደዌው ወደ ልጁ መተላለፉ እጅግ እንዲቀንስ ታውቆ ነበር። በ1992 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2000) ሠሪው ኩባንያ መድኃኒቱን ለ5 ዓመት ያለ ዋጋ ሊሰጥ ፈቀደ። መንግሥቱ ግን በ9ኙ ክፍላተ ሀገር፥ በእያንዳንዱ 2 የመሞከሪያ ስፍራ ብቻ መርጦ፥ በሌላው ስፍራ ያሉትን የመንግሥት ሐኪሞች ከለከለ። ባለጠጋይቱ ከግል ሐኪም ታገኘው ነበር፤ ድኻይቱ ግን ከተመረጠው ስፍራ ርቃ ብትወልድ ባዶ እጅዋን ትመለሳለች።

የመንግሥቱ ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዳይለምድ መፍራቱ እውነተኛ ስጋት ነበር። ስለዚህ ምርመራውን መቀጠል ይገባዋል፤ ነገር ግን ምርመራን መቀጠልና በሌላ ስፍራ የምታምጠውን እናት መከልከል አንድ ነገር አይደሉም። ሕፃን የሊቃውንት ጥናት እስኪፈጸም ድረስ በማኅፀን አይቈይም።

ለሕክምና የሚሟገት ማኅበር ነገሩን ወደ ዳኛ አቀረበ። ሰኔ 28 ቀን 1994 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2002) የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፥ ሕጉ የወሊድን ሕክምና ጨምሮ ጤናን የመጠበቅ መብት ለሰው ሁሉ ሰጥቷልና፥ ክልከላው ተገቢ አይደለም ሲል ፈረደ። እናቲቱ ተመርምራና ምክር ተቀብላ፥ ሐኪምዋም ያስፈልጋታል ቢል፥ መድኃኒቱ በመንግሥት ሐኪም ቤት ሁሉ እንዲሰጣት አዘዘ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ከዚህ የሚበልጥ ሕክምና ለእናቶች ተፈቀደ፤ በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ ግን አልተመለሰም።

ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም 4ኛው እሑድ የምታስበው መጻጉዕ፥ 38 ዓመት በደዌ ሲኖር ውኃው በፊቱ ነበረ፤ የጐደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው። መድኃኒት መኖሩ ብቻ ምሕረት አይባልም፤ ምሕረት የሚሆነው ለደካማው ሲደርስ ነው። እንግዲህ ሥልጣን ያለው ሰው «ጥቂት እንቈይ» ከማለቱ አስቀድሞ፥ ቈይቶ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ይመርምር።