ማን በደለ?

ቬስትሊ የኦስሎ ከተማ ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ነው። ከመሀል ከተማ ተነስቶ የግሩሩድን ሸለቆ ይዞ የሚወጣው መስመር እዚህ ያበቃል። ከጣቢያው በላይ ከሚታዩት ፎቆች በአንዱ፣ በአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ባለፈው የካቲት አንድ ደብዳቤ አነብላት ነበር። ልጇ አራት ዓመቱ ነው። ለወራት ሲመረመር ቆይቶ ውጤቱ መጣ። እሷ ለሥራዋ የሚበቃ ኖርዌይኛ አላት፤ ደብዳቤው ግን የተጻፈው በባለሙያ ቋንቋ ነው። «አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል፤ ቃል በቃል ንገሪኝ» አለችኝ።

ቃል በቃል ነገርኳት፤ ስሕተቴም እዚያ ላይ ነበር። ኖርዌዮች ኦቲዝምን የሚመድቡበት የሕክምና ስም «ዬኖምግሪፔንደ» በሚል ቃል ይጀምራል። ሲፈታ «ዳር እስከ ዳር የሚይዝ፣ ሁለንተናን የሚነካ» እንደማለት ነው። ቀጥሎ የእድገት መዛባት ይላል። እኔ በችኮላ «ዘልቆ የገባ የእድገት መታወክ» አልኩ። ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የገባበት?»

በአማርኛ ሰው ላይ «የሚገባ» ነገር ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ላስተካክል ሞከርኩ፤ እሷ ግን አልፋኝ ሄዳለች። «እርጉዝ ሳለሁ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር፤ ከዚያ ይሆን?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ወይስ እናቴን ሳልሰናበት ስለወጣሁ?» በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከመንፈስ ወደ ሌሊት ሥራ፣ ከሌሊት ሥራ ወደ እናት ቅያሜ ተጓዘች። ሦስቱ ግምቶች የተለያዩ ይመስላሉ። እኔ ግን ያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሦስቱም የአንድ ጥያቄ መልሶች እንደሆኑ ገባኝ። ማን በደለ?

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዐይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጥያቄውን ግን አልተውነውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የተገኙ፣ ኦቲዝምና ሌላ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቋል። ስለ ምክንያቱ ሲጠየቁ ከመቶ 40 ያህሉ መንፈስን ጠቀሱ፤ ከመቶ 30 ያህሉ የጭንቅላት ጉዳትን፤ ሩብ ያህሉ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግርን፤ ከሩብ የሚበልጡት ኃጢአትን። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው በልጁ ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራት አንዱ ያህል ነገሩን ለመደበቅ ይጥራል።

እንዲህ ያለውን ቁጥር ስናነብ መልሶቹን በሁለት እንከፍላቸዋለን፤ መንፈስና ኃጢአት ወደ ኋላ ቀርነት፣ የጭንቅላት ጉዳትና ወሊድ ወደ ዘመናዊነት። እኔ መስመሩ እዚያ ላይ አይመስለኝም። «ሞግዚቷ ጥላው ነው»፣ «አዋላጇ ዘግይታ ነው» የሚለው መልስ የሕክምና ልብስ ይልበስ እንጂ በውስጡ ተከሳሽ አለበት። ቋንቋችንም ይገፋናል። ስለ ልጁ ስንጠይቅ «ምን ሆኖ ነው?» እንላለን። ጥያቄው ራሱ አንድ ቀን አንድ ነገር «ሆኗል» ብሎ ይነሣል፤ መልሱም ቀንና ባለቤት ያለው ድርጊት እንዲሆን ይፈልጋል።

ይህ የእኛ ብቻ ድካም ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ትምህርት ነው ብለን እናልፍ ነበር። ነገር ግን ሳይንስም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። ሊዮ ካነር በአሜሪካ ኦቲዝምን በ11 ልጆች ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ወደ ወላጆች ዞረ፤ የቀዘቀዘች፣ ፍቅር የነፈገች እናት ልጇን ወደ ዝምታ ገፍታዋለች ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አሠራጨ። በዚያ ዘመን ስንት እናት በሐኪም ፊት ተቀምጣ ልጇን ያሳመመችው እሷ እንደሆነች ሰምታለች! ከሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1964፣ በርናርድ ሪምላንድ የነርቭ ሥርዓትን እንጂ እናትን መመርመር አይገባም ብሎ የጻፈው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ እሱም የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር። ዛሬ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው፣ የእናት ቅዝቃዜ የሚባለውም ከንቱ ክስ እንደነበረ ይታወቃል። ክሱን ያወጀው ግን ቄስም ጠንቋይም አልነበረም፤ የሳይንስ ሊቅ ነበር።

ስደት ደግሞ ለጥያቄው አዲስ ተከሳሽ ሰጠው፤ አገሩን። በስዊድን የሚኖሩ ሶማሌዎች በአገራቸው የማያውቁት ነገር በልጆቻቸው ላይ ሲበዛባቸው «የስዊድን በሽታ» አሉት። በሚኒያፖሊስም ተመሳሳይ ስጋት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናት ወጣ። ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮቹ ደግሞ ከ36 አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ተገኘ፤ ልዩነቱም ይህን ያህል ድምዳሜ የሚሰጥበት አልነበረም። እኛም ኦስሎ ውስጥ በቡና ላይ ስናወራ ብርዱን፣ ጨለማውን፣ ክትባቱን እንከሳለን። ክትባት እንደማያመጣው በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ግን ብርድን መክሰስ ራስን ከመክሰስ ይቀላል።

እዚህ ላይ ያችን እናት ልቆምላት እፈልጋለሁ። ጥያቄዋን አላዋቂነት ብለው የሚያልፉት ሰዎች አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። በደለኛ መሆን ከባድ ነው፤ ነገር ግን መውጫ አለው። የበደለ ይናዘዛል፣ ይቅር ይባላል፣ ይክሳል። እርግማን ከሆነ ምርቃት ይፈታዋል፤ መንፈስ ከሆነ ጸበል አለ። ያን ማታ «የማንም ጥፋት አይደለም» ስላት እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር። አላለችም። ከትከሻዋ ላይ ጥፋቱን ሳነሣ በእጇ የያዘችውን ብቸኛ ነገርም ቀማኋት። ጥፋት የሌለበት ነገር እንዴት ይስተካከላል? ስለዚህ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ «ማን በደለ?» የሚለውን መጣል ብቻ አይደለም፤ በእሱ ቦታ ምን እንደምንሰጥ ነው።

ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ስለመደገፍ በኢትዮጵያ የሚደረገው ጥናት የሚስበኝ ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ከአገሩ ሁኔታ ጋር አስማምተው ሞክረውታል፤ በኋላም በኢትዮጵያና በኬንያ ወደ ሰፊ ጥናት ተሻግሯል። ሥልጠናውን ለመስጠት ልዩ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ የገረመኝ አጀማመሩ ነው። መንገዱ «ከምን መጣ?» ከሚለው አይነሣም። ልጁ ምን ይወዳል፣ በምን ይጫወታል፣ በየቀኑ በቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ ከሚለው ይነሣል። እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ሲታጠብ፣ እናት ወደ ልጇ ዓለም ጎንበስ ብላ የምትገባበትን በር ትፈልጋለች። ጸበል ሂጂ ወይም አትሂጂ አይላትም። መልሱን ሳያጣላ ጥያቄውን ይለውጠዋል።

እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «ምን ይወዳል?» ሳታስብ መለሰች። ባቡር። በየቀኑ ከመዋለ ሕፃናት ሲመለሱ ጣቢያው ላይ ይቆማሉ። በሮቹ ሲዘጉ የሚሰማውን ድምፅ ይደግመዋል፤ ባቡሩ መጥቶ፣ ባዶ ሆኖ፣ እንደገና ወደ ከተማ ሲመለስ እስኪያይ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ስለ ልጇ የምታውቀው ነገር ሞልቷል፤ ያን ማታ እስከዚያች ሰዓት ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አልጠየቃትም።

ይህ ማለት ግን ሥልጠና ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። አንድ አደጋ አየዋለሁ። እናትን የልጇ መድኃኒት ስናደርጋት በደሉ በጓሮ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ልጁ ካልተናገረ «በደንብ አልተለማመድሽም» ትባላለች፤ ወይም ማንም ሳይላት ራሷ ትለዋለች። ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ ስለ አሳዳጊዋ የራሷ ጤንነትና ዕረፍትም ይናገራል። ሆኖም በአዲስ አበባው ጥናት ከአራት ሦስቱ ያህል አሳዳጊዎች አጣን ያሉት ትልቁ ነገር ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው። የእናት ችሎታ ትምህርት ቤት አይሆንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸውን ይዘው ነው። ብዙዎች በሚደብቁበት ጊዜ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸውን ስናመሰግን ግን አንድ ነገር ልናፍርበት ይገባል፤ የሁላችንም ሥራ የነበረውን አንዲት እናት መጀመር ነበረባት።

ኖርዌይ በዚህ ከእኛ በብዙ ርቃ ሄዳለች፤ ግን እሷም ከሩቅ ነው የመጣችው። የእድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ለዐሥርት ዓመታት ከቤተሰብ ተለይተው በትልልቅ ተቋማት ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ አኗኗራቸው ተቀባይነት የሌለው መሆኑን ጻፈ፤ ከ1991 ጀምሮ ተቋማቱ እየተዘጉ ኃላፊነቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቶች ተላለፈ። ዛሬ ለዚያች እናት ከተሰጧት መብቶች አንዱ «አቭላስትኒንግ» ይባላል። ለጥቂት ሰዓት ወይም ለቅዳሜና እሑድ ሌላ ሰው ልጁን ይዞላት እንድታርፍ ነው። ቃሉ ሲፈታ «ሸክም ማውረድ» ነው። ይህንንም ተረጎምኩላት። «ልጄ ሸክም ነው እንዴ?» ብላ ቅጹን ገፋችው። በስተጀርባው ደግሞ ብዙ ስደተኛ ወላጆች የሚያውቁት ፍርሃት ነበር፤ ደከመኝ ካልኩ ልጄን ይወስዱብኛል የሚል።

እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሎሚው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። ልጁ ሸክም አይደለም። ሸክሙ የኛ መቅረት ነው። ኖርዌይ ይህን በቅጽ ሞልታ ለመስጠት ትሞክራለች፤ እኛ ደግሞ ቅጽ የማይፈልግ እድርና ማኅበር አለን፤ ለለቅሶና ለሰርግ ሳንጠራ እንደርሳለን። ለዚህ ልጅ ግን አልደረስንም።

አልደረስንም ስል ራሴን እጨምራለሁ። ያን ማታ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ቃሌን ጠበቅሁ። ሰዎች «ምነው ከማኅበር ጠፋች?» ሲሉኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ። ምስጢሩ የእሷ ነበር፤ የመግለጥም የመደበቅም መብት ያላት እሷ ናት፤ ስለዚህ ዝም ማለቴ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምስጢር ያስፈለጋት ከእኛ ለመሸሽ ነው። ልጇ ሰው ሲያናግረው ዞር ካለ ማን እንዳሳደገው የምንጠይቅ፣ ካልጮኸ «ጨዋ»፣ ከጮኸ «ባለጌ» የምንል እኛ ነን። ከአዲስ አበባው ጥናት ያ ከአራት አንዱ የሚደብቀው ከማን ነው? ከጎረቤት ነው። ስለዚህ የሚደብቁትን ወላጆች «ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» ከማለታችን በፊት፣ እነሱ ስለ እኛ ያላቸው ግንዛቤ ትክክል መሆኑን ማየት ይገባናል።

ደብዳቤውን በኋላ በእጄ ጽፌ እንደገና ተረጎምኩላት። «ዘልቆ የገባ» የሚለውን ሰርዤ፣ «ዓለምን የሚቀበልበት መንገድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተለየ፣ ብዙ እገዛ የሚያስፈልገው» አልኩ። ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ መምህሮቼ ቢያዩት ትርጉም ሳይሆን ማብራሪያ ነው ይሉኛል። እሷ ግን ለእናቷ በስልክ ያነበበችላት እሱን ነው።

ለፋሲካ ልጁን ይዛ ወደ ማኅበሩ መጣች። ማንም አላስገደዳትም፤ እኔም አልመከርኳትም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደጋግመው ሰላም ቢሉት ስላልመለሰላቸው፣ «ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። እኔ እግሬን እግሬን አየሁ።

«ባቡር ይወዳል፣ እትዬ» አለች እናቱ።

«የቱን ባቡር?» አሉ እሳቸው፣ ከአጠገቡ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጡ። ልጁ አልመለሰላቸውም። እሳቸውም አልተነሡም።