ሕፃን ሳይተነፍስ ሕያው ነውን?

ሕይወት ማለት እስትንፋስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ከአፈር ከተበጀ በኋላ ትንፋሽን ከፈጣሪው እንደ ተቀበለ ስለ ተጻፈ፥ መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን ሕይወቱ እንዳልተጀመረ የሚቈጥር አይጠፋም። ነገር ግን አዳም በማኅፀን አላደገም፤ ስለዚህ የእርሱን አፈጣጠር ለሕፃን ሁሉ መለኪያ ማድረግ አይገባም።

ፅንሱ 4 ሳምንት ሲሞላው፥ ልቡም መምታት ከጀመረ በኋላ፥ ከምግብ መውረጃው ቧንቧ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ እንቡጥ ትወጣለች። ይህችም ከምግቡ መንገድ ተለይታ በሁለት ትከፈላለች፤ በስተቀኝ ሦስት፥ በስተግራ ሁለት ክፍል ታወጣለች። እስከ 17ኛው ሳምንት ድረስም ዛፍ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ዋና ዋናዎቹን የአየር መንገዶች ትዘረጋለች። ከዚያም በቅርንጫፎቹ ጫፍ ደምና አየር የሚገናኙባቸው ስስ ከረጢቶች ይበጃሉ። ሳምባው ግን የተሞላው በአየር ሳይሆን በውሃ ነው። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ፅንሱ አየር በሌለበት ስፍራ ደረቱን እያነሣና እያወረደ መተንፈስን ይለማመዳል፤ ልምምዱም ቢጐድል ሳምባው በሚገባ አያድግም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚኖረው ከእናቱ በእትብት በሚያገኘው ነው። እንግዲህ ሕይወቱ ከእስትንፋሱ ትቀድማለች።

የመጨረሻው ሥራ እጅግ ረቂቅ ነው። እርጥበት ያገኘው ብራና ቅጠሎቹ እርስ በርስ እንደሚጣበቁ በጣና ደሴቶች መጻሕፍት የሚጠብቁ አባቶች ያውቃሉ። የሳምባም ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ስለ ሆነ፥ አየር በወጣ ቍጥር ለመጣበቅ ይቃጣሉ። ይህን የሚከለክለውን ቅባት መሰል ነገር ሳምባው ራሱ ያመነጫል፤ የሚበቃ ያህል የሚገኘው ግን ወደ 35ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት መተንፈስ አቅቷቸው የሚሞቱት ይኸው ስለሚጐድላቸው መሆኑን ገለጹ። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ከጣና በስተሰሜን ያለው የጎንደር ሆስፒታል በተካተተበት፥ በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናትም፥ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 ከመቶው የሞቱበት ዋና ምክንያት ይህ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ በደሴቶቹ ወይም በዘጌ ያለች እናት በ30ኛው ሳምንት ምጥ ቢይዛት፥ «አልተፈቀደለትም» ብሎ መቀመጥ ይገባልን? ሕፃኑ የጐደለው ሕይወት ሳይሆን ጥቂት ሳምንታት ነው። ሊጊንስና ሆዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 እንዳሳዩት፥ እናቲቱ ከመውለዷ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ በምትወጋው መርፌ የሕፃኑ ሳምባ ፈጥኖ ይበስላል። እንግዲያውስ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሻገር የሚገባት ከወለደች በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ለቡና ጭነት ጀልባ የሚገኝ ከሆነ ለምጥም ሊገኝ ይገባል።

ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው ሥርዓት ሲሆን፥ ለሞት የተቃረበ ሕፃን ግን ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ተፈቅዷል። ይህም ሕፃኑ ሕያው ስለ ሆነ ነው፤ በድን አይጠመቅምና። ስለዚህ ለዚህ አገልግሎት የተጠሩት ካህን ጥምቀቱን ከፈጸሙ በኋላ፥ ሕፃኑን ፈጥነው አድርቀው፥ ብርድ እንዳያገኘው ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቀው፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እንዲያደርሱት ቤተ ሰቡን ሊያዝዙ ይገባል።