የነገው ሽማግሌ

«ስደተኛ ለጡረታ ይቆጥባል ወይ?» ብሎ የሚስቅ ወጣት ብዙ ነው። «ካምፕ ማረፊያ እንጂ መኖሪያ አይደለም» ይላል። ነገር ግን ካኩማ የተመሠረተው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ በ20 ዓመቱ የገባ ሰው ዛሬ ሃምሳውን አልፏል፤ ኑሮው ጊዜያዊ ቢባልም ዕድሜው አልቆመለትም።

ታዲያ ጎረቤት ጦሙን እያደረ ሽልንግ ማስቀመጥ ንፉግነት አይደለምን? ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ ለዛሬ ጉድለት ይውላል፤ ዕድርም ይቀብራል እንጂ አይጦርም። ልጄ ይጦረኛል ማለትም ሸክሙን ለሌላ ስደተኛ ማሸከም ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለጎረቤት እንቁረስ፤ ከወር ክፍያችንም 50 ሽልንግ እንኳ ብትሆን አስቀድመን እናንሳ። የነገው ሽማግሌም ጎረቤታችን ነው፤ የሚለየው ዛሬ መጥቶ ደጃችንን ማንኳኳት አለመቻሉ ብቻ ነው።