የባሕር ሀብትና የመጋቢ ሒሳብ

አስተዋይ ገበሬ አዝመራውን በሰበሰበ ጊዜ ለዘር የሚሆነውን አስቀድሞ ይለያል። ዘሩን የበላ ሰው ለዚያች ሌሊት ቢጠግብም፥ ለሚመጣው ዓመት ራብን እንዳዘጋጀ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በእርሻ ይህን የማይስት ሰው በባሕር ላይ መሳቱ ስለ ምንድር ነው? የባሕር ጎተራ ከዓይን የተሰወረ ስለ ሆነ፥ በመረብ የወጣው ሁሉ ትርፍ መስሎ ይታየዋልና ነው።

በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ በኒውፋውንድላንድ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የዚያ አገር ሕዝብ ለብዙ ዘመን ኮድ በሚባለው ዓሣ ይኖር ነበር። ዳሩ ግን ከልዩ ልዩ መንግሥታት የመጡ ታላላቅ መርከቦች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ከሰሜኑ ኮድ ብቻ 800 ሺህ ቶን ያህል አወጡ። ካናዳ በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ውሃ ብትከልልም፥ በውጭዎቹ ፈንታ የራስዋ መርከቦች ገቡበት። በ1980ዎቹ ዓመታት በትንንሽ ጀልባ በዳር የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ መሄዱን ደጋግመው ተናገሩ። ነገር ግን ታላላቆቹ መርከቦች የቀረው ዓሣ የተከማቸበትን ስፍራ እየፈለጉ መረባቸውን ይሞሉ ስለ ነበር፥ ባሕሩ ሲራቆት መዝገቡ ጥጋብን ይናገር ነበር። በመጨረሻም በ1992 መንግሥቱ ማጥመድን ከለከለ፤ 30 ሺህ ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የታወጀው ክልከላ እስከ 2024 ድረስ አልተነሣም፤ በዚያም ዓመት የተፈቀደው 18 ሺህ ቶን ብቻ ነበረ።

እንግዲህ ከመረቡ ጋራ መዝገቡም ይወቀሳል። በተለመደው የአገር ገቢ አቈጣጠር የተሸጠው ዓሣ ይጻፋል፤ በባሕር የጎደለው ግን አይቀነስም። ዋናውን ገንዘብ እየበላ ወለድ በላሁ የሚል ነጋዴ በገበያ ሞኝ ይባላል፤ መንግሥት ይህንኑ ሲያደርግ ግን ዕድገት ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2012 የተፈጥሮ ሀብት ከገንዘብ ሒሳብ ጋራ አብሮ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ለዓለም ሁሉ መለኪያ አድርጎ የተቀበለው፥ ይህን ጉድለት ለማቅናት ነው።

ነገር ግን ልጁ ዛሬ የሚራብበት አጥማጅ ስለ ነገ ዓሣ እንዴት ያስባል? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለነገ ተብሎ የሚቀነሰው እንጀራ የድሃው ብቻ ከሆነ፥ ጥበቃው ራሱ ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ቅን ሒሳብ በባሕር የቀረውን ከጻፈ በኋላ፥ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደም ሊጽፍ ይገባዋል። በኒውፋውንድላንድ አስቀድመው የጮኹት የዳር አጥማጆች፥ ሌሎች የበሉትን ዕዳ አብረው ከፍለዋልና።

ሰው በባሕር ላይ መጋቢ ነው፤ መጋቢም ስላወጣው ብቻ ሳይሆን ስላስቀረውም ይጠየቃል። ገና ያልተወለደ ወራሽ ከዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ርስቱ ሊከራከር አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚመሰክርለት ዛሬ በእውነት የተጻፈ መዝገብ ነው።