ከምድር በታች ያለው ትንሽ ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን በእርሻ ውስጥ በተሰወረ መዝገብ መስሎ ማስተማሩን ሁላችን እናውቃለን። የዚያ መዝገብ ባለቤት ለመሆን ያገኘው ሰው ያለውን ሁሉ ሸጠ። ዛሬም ወርቅ ፈላጊዎች ለሚጠፋው ወርቅ የሚያሳዩትን ትጋት ስንመለከት፥ እኛ ለማይጠፋው ምን ያህል እንደ ደከምን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

በአውስትራሊያ ምድር ቪክቶሪያ የሚባል አውራጃ አለ። ከ1851 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወርቅ ፈላጊ ሕዝብ ከየሀገሩ ወደዚያ ጎረፈ። በ1869 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዲሰንና ኦትስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሞሊያጉል በተባለው ስፍራ፥ ከአንድ ዛፍ ሥር፥ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ የወርቅ ጓል አገኙ። የሚበቃ ሚዛን ስላልተገኘም በመስፍ ላይ ተሰባብሮ ተመዘነ። ይህ ሁሉ ሀብት የተሰወረው ከአፈሩ በታች በሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከእግራችን በታች እንዲህ ቅርብ የሆነውን ጸጋ ሳናይ ስንቱን ዘመን ተመላልሰንበት ይሆን?

ዛሬ በዚያ ምድር ወርቅ የሚፈለገው በተለምዶ ዲቴክተር በሚባለው ጠቋሚ መሣሪያ ነው። በመሣሪያው ጫፍ ክብ የሽቦ ጥምጥም አለ፤ ከእርሱ ማግኔታዊ ኃይል ወደ መሬት ይወርዳል፤ በዚያ ብረታ ብረት ካለ ኃይሉ መልስ ያስነሣል፤ መሣሪያውም መልሱን በድምፅ ያስታውቃል። ፈላጊው ጥምጥሙን ወደ መሬት አቅርቦ በዝግታ ያወዛውዛል፤ ቢቸኩል ወይም ከፍ ቢያደርገው ትንሹ ወርቅ ያመልጠዋል።

ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ እየጮኸ እንዳያሰለቸው ፈላጊው መሣሪያውን ለእነዚህ ዝም እንዲል ማድረግ ይችላል። ነገር ግን የትንሽ ወርቅ ድምፅ ከእርሳስና ከቀጭን አልሙኒየም ድምፅ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ርካሹን ዝም ያሰኘ ብዙ ጊዜ ክቡሩንም ዝም ያሰኛል። ይህን የተረዱ ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ድምፅ የሰጠውን ሁሉ ይቆፍራሉ፤ አሥር ጊዜ ምስማር ቢወጣም አይሰለቹም።

ወገኖቼ፤ እኛ ግን ኅሊናችንን ዝም አሰኝተነዋል። ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ፥ ከወንድም ጋር ለዓመታት የቆየ ቂም፥ በገበያ የተናገርነው ሐሰት በልባችን ድምፅ ሲያሰማ፥ ይህስ ትንሽ ነገር ነው ብለን አልፈነዋል። በትንሹ ዝምታን የለመደ ኅሊና በትልቁም አይጮኽም። ቂማችንን በልባችን ቀብረን ወደ ቅዱስ ቍርባን ስንቀርብ አንዳች የማይሰማን በዚህ ምክንያት ነው።

እኛም የነፍስ አባት የተባልን ካህናት ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። ባለጠጋው ሲመጣ ቁጭ ብለን እንሰማለን፤ ድሃዪቱ ባልቴት ቃሏን እየጎተተች ስትናዘዝ ግን ችኮላ ይይዘናል። እርሷ ሳትጨርስ ብትሄድና ባትመለስ፥ ስለዚያች ነፍስ የምንጠየቅ እኛ ነን።

መሣሪያዬ ደካማ ነው የሚልም አይኑር። በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዚያው በቪክቶሪያ አንድ ሰው 1,200 የአውስትራሊያ ዶላር በሚያወጣ የጀማሪዎች መሣሪያ 4.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ አገኘ፤ በውስጡም 2.6 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ነበረ። እንደዚሁም ዜማና ቅኔ ያልተማረ፥ ከአቡነ ዘበሰማያት በቀር ጸሎት የማያውቅ ገበሬ፥ ማታ ማታ ልቡን በእውነት ቢመረምር ከሊቁ ባላነሰ ያገኛል።

ያገኘነውንም ወዴት እንደምናደርሰው እናስተውል። በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኪንጋወር አጠገብ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ 27.2 ኪሎ ግራም የሆነ ወርቅ ተገኝቶ የእምነት እጅ ተብሎ ተሰየመ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጦም በላስ ቬጋስ ከተማ የቁማር ቤት ጌጥ ሆነ። ወርቁን አንነቅፍም፤ እምነት የሚል ስም ይዘን የዓለም ቤት ጌጥ እንዳንሆን ግን እንፍራ።

በመጨረሻም፥ በዚያ ሀገር ወርቅ የሚፈልግ ሰው የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ እንዲደፍን ሕጉ ያዘዋል። ንስሓም እንዲሁ ነው፤ ኃጢአትን አውጥቶ መናዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ በወንድማችን ላይ የቆፈርነውን ጉድጓድ፥ ዘኬዎስ እንዳደረገው፥ መልሰን ልንሞላው ይገባል። የቀማን እንመልስ፤ ያስቀየምን ዛሬ ሄደን እንታረቅ። ነገ የእኛ አይደለምና።

ትንሹን ድምፅ ሰምተን ለንስሓ እንድንበቃ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።